የሞተሩ ቀዝቃዛ ወገን

ዕቃው መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ከአልሙኒየም የተሠራ ነው፤ አንዱ ጎኑ ልሙጥ ሲሆን በሌላው ጎኑ ስስ ክንፎች ትይዩ ተደርድረውበታል። የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ቤንዚን አይጠጣ፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግ፣ ድምፅ አያሰማ። የ50 ሲሲ ስኩተር ባለቤት ከመለዋወጫ ሱቅ ይገዛውና በሲሊንደሩ ክዳን፣ በቴስታታው ላይ፣ ከካንዴላው አጠገብ፣ በብሎን ያስረዋል። ማብረጃ ይባላል፤ ፋብሪካው ሞተሩን ሲነድፍ ያላሰበው ጭማሪ ነው። ሰውየው ገንዘቡን ከፍሎ ምን ገዛ? ገጽ ገዛ። ሞተሩ ከአየር ጋር የሚገናኝበት ስፋት ጨመረለት፤ ከዚያ ሌላ የጨመረለት ነገር የለም።

ስለ ሞተር ስናወራ የምናነሳው ጉልበቱን ነው። ስንት የፈረስ ጉልበት አለው፣ ሁለት ሰው ጭኖ ዳገት ይወጣል ወይ፣ በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንላለን። እሳቱን እናውቀዋለን፤ እሳቱ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ የት እንደሚገባ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ማብረጃ የሚገጥም ሰው እጁን የሚያሳርፈው ማንም በማያወድሰው ወገን፣ በሞተሩ ቀዝቃዛ ወገን ላይ ነው። ይህ ወገን የሞተሩ ግማሽ አካል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለ ሥራና ስለ ጉልበት ያለን አስተሳሰብ ጎደሎ የሆነውም በዚሁ በኩል ይመስለኛል።

በሲሊንደሩ ውስጥ የሚሆነውን እናስበው። ቤንዚንና አየር ተቀላቅለው ሲቀጣጠሉ የጋዙ ሙቀት ከ2,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። ፒስተኑ የተሠራበት አልሙኒየም ደግሞ በ660 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ባለ ሁለት ምት ሞተር በእያንዳንዱ ዙር አንዴ ያቀጣጥላል፤ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ መቶ ጊዜ እሳት ይነድበታል ማለት ነው። ታዲያ ፒስተኑ ለምን አይቀልጥም? ሙቀቱ ስለማይቆይ ነው። ነበልባሉ ለቅጽበት ነድዶ በማርሚታው ይወጣል፤ ቀዝቃዛ ድብልቅ ይተካዋል። ወደ ፒስተኑ የገባው ሙቀት ፒስተኑን በከበቡት ቀለበቶች፣ በፋሻዎቹ በኩል ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ፣ ከግድግዳው ወደ ክንፎቹ፣ ከክንፎቹ ወደ አየር ይሸኛል። የስኩተሩ ዕድሜ የተንጠለጠለው በዚህ ሽኝት ላይ ነው። ከመተላለፊያዎቹ አንዱ ቢዘጋ ፒስተኑ መስፋት ይጀምራል። ሲሊንደሩ የብረት ከሆነ፣ አልሙኒየም በእኩል ሙቀት ከብረት እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ፣ በመካከላቸው የነበረው ጠባብ ክፍተት ይጠፋል። የዘይቱ ስስ ሽፋን ይቃጠላል፤ ፒስተኑ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል፤ ሞተሩም መንገድ መሐል ቀጥ ይላል።

በእንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር ከቤንዚኑ ጉልበት ጎማው ዘንድ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከሩብ አይበልጥም። የቀረው በማርሚታውና በክንፎቹ ይወጣል። እሳት አመድ ይወልዳል እንዲሉ፣ ይህን የሚወጣ ሙቀት የእሳቱ የማይረባ ልጅ አድርገን እናየዋለን፤ ብክነት የሚል ስምም ሰጥተነዋል።

ፈረንሳዊው ሳዲ ካርኖ እ.ኤ.አ. በ1824፣ በ28 ዓመቱ፣ ስለ እሳት አንቀሳቃሽ ኃይል ያሳተመው መጽሐፍ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ያሳየናል። እሳት ብቻውን ሥራ አይሠራም ይላል ካርኖ። ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ሲወርድ ነው ሥራ የሚገኘው። ምሳሌውን ያመጣው ከፏፏቴ ነው፤ ውኃ የቱንም ያህል ከፍ ብሎ ቢቀመጥ የሚወርድበት ዝቅታ ከሌለው ምንም አያዞርም። ሁሉም ነገር እኩል በጋለበት ዓለም ውስጥ አንድም ሞተር አይንቀሳቀስም። በዚህ ሰው የሚደንቀኝ አንድ ነገር አለ። በዘመኑ እንደነበሩት ብዙ ሊቃውንት ሙቀት የማይጠፋ ረቂቅ ፈሳሽ ነው ብሎ ነበር የተነሣው። ሙቀት ምን እንደሆነ አላወቀም፤ ሙቀት ምን እንደሚያስፈልገው ግን ከሁሉም ቀድሞ አየ። መጽሐፉን ብዙ ሰው ሳያነብለት እ.ኤ.አ. በ1832 በኮሌራ ሞተ። ሐሳቡን ከሁለት ዓመት በኋላ ከተረሳበት ያነሣው ክላፔይሮን የተባለ መሐንዲስ ነው።

የሞተር ነገር የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ያቆመኛል። በሲሊንደሩ ግድግዳ የሚያመልጠው ሙቀት ፒስተኑን ገና ሳይገፋ ያመለጠ ነው፤ ካርኖ የሚለው ዝቅታ ማርሚታው ነው እንጂ ክንፎቹ አይደሉም፤ በክንፍ የሚወጣው ንጹሕ ኪሳራ ነው ይለኛል። እውነቱን ነው። ይህን ኪሳራ ለማስቀረት የተሞከረውን ማስታወስ ግን ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የአሜሪካ ጦር ሠራዊትና የከሚንስ ኩባንያ መሐንዲሶች በግድግዳው ምንም ሙቀት የማያስወጣ የናፍጣ ሞተር ለመሥራት ደክመዋል። ፒስተኑንና ቴስታታውን ሙቀት በማያስተላልፍ ሴራሚክ ለበጡ፤ ራዲያተሩን አነሡ። በግድግዳው እንዳይወጣ የተከለከለው ሙቀት ግን አብዛኛው ፒስተኑን ወደ መግፋት አልሄደም፤ በማርሚታው ወጣ። የጋለው ግድግዳ የሚገባውን አየር አስቀድሞ ስላሞቀው ሲሊንደሩ የሚይዘው አየር አነሰ። ዘይቱም ያንን ሙቀት መቋቋም አቃተው። አንድ በር ሲዘጋበት ሙቀቱ ሌላ በር አገኘ። ስለዚህ በክንፍ የሚወጣው ሙቀት ኪሳራ ቢሆንም፣ የቀረው ሥራ እንዲሠራ ብረቱና ዘይቱ የሚከፍሉት ዋጋ ነው። ያለዚህ ክፍያ በዓለም ላይ የሚሄድ ስኩተር አይኖርም።

ክፍያውን የሚቀበለው ነፋስ ነው። አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1701 ስሙን ሳይጽፍበት ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፣ የጋለ ብረት ከአካባቢው በበለጠ በሞቀ መጠን በየቅጽበቱ የሚሰጠውም ሙቀት ይበዛል ሲል ጽፏል። ብረቱን ያስቀመጠው ጸጥ ባለ አየር ውስጥ አልነበረም፤ እኩል በሚነፍስ ነፋስ ላይ አኖረው። ለምን? የረጋ አየር ከብረቱ አጠገብ ሞቆ እዚያው ይቀራል፤ የሚነፍሰው ግን የሞቀውን ይዞ ሄዶ ላልሞቀው ቦታ ይለቅለታል። ሦስት መቶ ዓመት ያለፈው ይህ ጥንቃቄ ዛሬም ማብረጃ ለሚገጥም ሰው የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ክንፎቹ ከመጠን በላይ ተጠጋግተው የተሠሩ ከሆነ፣ በየገጻቸው ላይ የሚለጠፈው ዝግተኛ አየር እርስ በርሱ ተገናኝቶ መሐሉን ይዘጋዋል። ያኔ ብዙ ገጽ ተገዝቶ ጥቂት ብቻ ይሠራል። ሱቅ ውስጥ ዓይን የሚስቡት ቀይና ሰማያዊ ማብረጃዎች ቀለማቸው ለጌጥ ነው፤ ስኩተሩ በሚሄድበት ጊዜ አብዛኛውን ሙቀት የሚወስደው ነፋሱ ስለሆነ ቀለሙ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ወፍራም ቀለም የተቀባ ክንፍ ግን ይጎዳል፤ ቀለም ሙቀትን ይይዛልና።

ትንሽ ሞተር ከነፋስ ጋር በሁለት መንገድ ሊኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1958 ገበያ የወጣችው የሆንዳ ሱፐር ካብ ሲሊንደሯን ወደ ፊት አጋድማ ቴስታታዋን ለሚመጣው ነፋስ ትሰጣለች፤ ስትሄድ ትበርዳለች፣ ስትቆም ትሞቃለች። ቬስፓ የተወለደችው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1946 በጣሊያን ፖንቴዴራ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተደበደበ የፒያጆ የአውሮፕላን ፋብሪካ ነው። የነደፋት ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ነበር፤ ሞተር ሳይክል ልብስ የሚያቆሽሽ፣ የማይመች ነገር ነው ብሎ አይወደውም። እናም ሞተሩን በቆርቆሮ ሸፈነው። የተሸፈነ ሞተር ነፋስ አያገኝም፤ ስለዚህ ነፋስን ወደ ሞተሩ የሚያመጣ፣ ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚዞር ማራገቢያ ተገጠመለት። በመንገድ ላይ የምናያቸው ብዙዎቹ ትንንሽ ስኩተሮች እስከ ዛሬ የሚከተሉት ይህን መንገድ ነው።

ልዩነቱ ማብረጃ ስንጨምር ይታያል። ገላጣ ሞተር ላይ የታሰረ ክንፍ ያገኘውን ነፋስ ይጠቀማል። በማራገቢያ በሚበርድ ሞተር ላይ ግን አየሩ የሚሄድበት መንገድ አስቀድሞ በሽፋኑ ተለክቷል። እዚያ ውስጥ የገባ ተጨማሪ ብረት መተላለፊያውን ሊያጠብና ከፋብሪካው ክንፎች ላይ ነፋስ ሊነጥቅ ይችላል። ሞተሩ እንዲተነፍስ ብሎ ሽፋኑን አውልቆ የሚጥል ሰውም አለ። ከሽፋኑ ጋር መንገዱ ይጠፋል፤ ማራገቢያው የሚገፋው አየር በክንፎቹ መሐል ማለፉን ትቶ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ሞተሩም ከበፊቱ የባሰ ይግላል። ነፃ የወጣ አየር ሁሉ አይጠቅምም። ደግ ሐሳብ የቆየን ሥርዓት ሳያጠና ሲገባበት የሚያደርሰውን ጉዳት በዚህች የቆርቆሮ ሽፋን ውስጥ ማየት ይቻላል።

ከሁሉ በላይ የምቆምበት ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ልሙጡ ጎን ከቴስታታው ጋር የሚገናኝበት። ሁለት ብረቶች ተገጣጥመው ስናያቸው የተነካኩ ይመስለናል። በአጉሊ መነጽር ቢታዩ የሚነካኩት በጥቂት ጉብታዎች ጫፍ ብቻ ነው፤ የቀረው ስፍራ በአየር ተሞልቷል። ለዚህ ዓይነት ዕቃ የሚውለው የአልሙኒየም ቅይጥ ሙቀትን ከረጋ አየር በብዙ ሺህ እጥፍ የተሻለ ያስተላልፋል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር የሚሆን የአየር ንጣፍ ቢቀር፣ ሙቀትን የሚያግደው ግማሽ ሜትር ውፍረት ያለው አልሙኒየም የሚያግደውን ያህል ነው። በዚህች ዓይን በማያያት ክፍተት ላይ የቱን ያህል ውድ ክንፍ ብንከምር ሙቀቱ እዚያ አይደርስም።

ስለዚህ የዚህ ሥራ ክብደት ያለው ከመግጠሙ በፊት ባለው ዝግጅት ነው። የቴስታታው ገጽ ከቀለም፣ ከዘይትና ከጭቃ ይጸዳል። የማብረጃው ልሙጥ ጎን በመስታወት ላይ በተዘረጋ ረቂቅ የብርጭቆ ወረቀት እየታሸ ይስተካከላል። ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ይቀባል፤ ግን በጣም ስስ ሆኖ። ቅባቱ ከአየር ቢሻልም ከብረት እጅግ ያነሰ ስለሆነ ድርሻው ብረት ያልደረሰበትን ጉድጓድ መሙላት ብቻ ነው። ብሎኖቹ ሞተሩ በርዶ ሳለ በሰያፍ፣ አንዱን ከአንዱ ሳያስበልጡ ይጠበቃሉ። ማብረጃው ከቴስታታው ዳዶዎች ሥር የሚታሰር ዓይነት ከሆነ ጥንቃቄው ይበዛል፤ በቴስታታውና በሲሊንደሩ መሐል ያለውን ጓርኒሲዮን የጨመቀው ኃይል ከተዛባ ጋዝ ማምለጥ ይጀምራል። ሞተሩ አንዴ ግሎ ከበረደ በኋላ ብሎኖቹ እንደገና ይታያሉ። ንዝረትም አለ፤ የአንዳንድ በነፋስ የሚበርዱ ሞተር ሳይክሎች አምራቾች በክንፎች መሐል ትንንሽ ጎማ የሚሰኩት የብረቱን ጩኸት ለማፈን ነው። ላልቶ የሚንቀጠቀጥ ተጨማሪ ክንፍ ደግሞ መገናኛ ገጹን ራሱን እየፈጨ ይበላዋል።

ይህን ሁሉ ጥረት ከውጭ የሚያየው የለም። ካለቀ በኋላ የሚታየው ክንፉ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ግን የተደበቀው ገጽ ነው። ይህን ዕቃ እያየሁ ያሰብኩትን ያህል ስለ ዕርዳታ አስቤ አላውቅም። የሚረዳ ነገር ከውጭ ይመጣል፤ ባዕድ ነው፤ ከሚረዳው ጋር አብሮ አልተወለደም። የሚያስፈልገው ትልቅነት አይደለም። ሌላው የሚፋጅበት ቦታ ድረስ ቀርቦ የዚያን ሙቀት በራሱ አካል መቀበል አለበት። የጋለ ሞተር ላይ ያለ ቀዝቃዛ ማብረጃ አለመንካቱን እየተናገረ ነው። ጥሩ ሆኖ የተገጠመ ማብረጃ ይሞቃል። ብዙ ሰው ይህን በተቃራኒው ይረዳዋል። ክንፉን በውኃ ጠብታ ፈትኖ ጠብታው ሲንጫጫ ይደነግጣል፤ ማብረጃው አይሠራም ብሎም ሊፈታው ይነሣል። ያ ጩኸት ግን ሙቀቱ ከሲሊንደሩ ወጥቶ ክንፉ ጋ መድረሱን የሚመሰክር ድምፅ ነው። አጠገቤ ስላሉ ሰዎችም ሳስብ፣ የሌላውን መከራ ሰምተው ፍጹም ሳይለወጡ ከሚመለሱት ይልቅ ፊታቸው የሚቀላውን ማመን የጀመርኩት ከዚህ በኋላ ነው።

ሙቀት ግን መልእክት ጭምር ነው። በአንድ ጋራዥ ደጃፍ ቆሜ የሰማሁትን ልንገር። አንድ ወጣት ማብረጃውን በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ መጣ፤ ሽማግሌውን መካኒክ፣ «ጋሼ፣ ሞተሬ በጣም እየጋለ ነው፤ ይቺን ብቻ ይግጠሙልኝ» አላቸው።

«እገጥምልሃለሁ ልጄ» አሉት፤ «መጀመሪያ ግን ካንዴላውን ፍታልኝ።»

ወጣቱ ፈትቶ ሰጣቸው። ጫፉ ነጭ ነበር። በደህና ሞተር ላይ የካንዴላው ጫፍ ወደ ቡና ዓይነት ያደላል፤ ነጭ ሲሆን ድብልቁ ቤንዚን አንሶት አየር በዝቶበታል፤ ሞተሩም ከልኩ በላይ እየጋለ ነው ማለት ነው። ሽማግሌው ካንዴላውን በጣቶቻቸው መሐል እያዞሩ፣ «የት የት ትሄድበታለህ?» አሉት። ወጣቱ አዲስ አበባ ላይ ካርቦራተሩን ካስተካከለ ወዲህ ለሥራ ወደ አዋሽ እየወረደ እንደሚመላለስ ነገራቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ማብረጃው አላወሩም፤ ካርቦራተሩን መፍታት ጀመሩ።

የሽማግሌው ጥያቄ ምን ያህል ጥልቅ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። እዚህ ላለው ስስ አየር ተብሎ ቤንዚኑ የተቀነሰለት ካርቦራተር ወደ ቆላ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፤ ቤንዚኑ ግን በዚያው መጠን አይጨምርም። ድብልቁ ይደርቃል፤ እሳቱ ይብሳል። በዚያ ላይ የቆላው አየር ራሱ ሞቃት ነው። ማብረጃው እዚህ ላይ ቢገጠም ኖሮ የቴስታታውን ሙቀት ጥቂት ይቀንስ ነበር፤ ወጣቱም በእፎይታ ይሄድ ነበር። ፒስተኑ ግን ከማብረጃው ሩቅ ነው፤ ድርቅ ባለው ድብልቅ አናቱ መቃጠሉን ይቀጥላል። ጭንቀቱ በፋሻ ተሸፍኖ ቁስሉ ከሥር ይሰፋ ነበር።

እዚህ ላይ ለቀዝቃዛው ወገን ያለኝ ክብር ገደቡን ያገኛል። ሙቀትን ማስወጣት ሞተሩ የሚኖርበት ሥርዓት ነው፤ ከልክ ያለፈ ሙቀት ግን ከየት እንደመጣ ሳይጠየቅ መሸኘት የለበትም። የጠበበ ማርሚታ፣ ያለ ጊዜው የሚፈነጥቅ ካንዴላ፣ በጓርኒሲዮን ሥር የሚሾልክ አየር፣ ያነሰ ዘይት፣ ሁሉም የሚናገሩት በሙቀት ቋንቋ ነው። ጠያቂው እነዚህን ሰምቶ ካበቃ በኋላ፣ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሸክሙና ዳገቱ የሚበዛበት ከሆነ፣ ያኔ ተጨማሪ ክንፍ ተገቢ ቦታውን ያገኛል። ከልክ በላይ ማብረድም ጉዳት አለው፤ በጣም የቀዘቀዘ ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑ በደንብ አይተንም፣ ክፍሎቹም ሰፍተው እንዲገጣጠሙ የታሰበላቸውን ልክ አያገኙም።

የማብረጃ ነገር በቤንዚን ሞተር ብቻ አያበቃም። በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎች ነበልባል የላቸውም፤ ፒስተንም ቴስታታም የላቸውም። ባትሪውን ከሞተሩ የሚያገናኘውን የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ፈልጎ ያየ ሰው ግን ጀርባው ላይ ያንኑ የአልሙኒየም ክንፍ ያገኛል። ውስጡ ያሉት ትራንዚስተሮች ዳገት ላይ ሲጨነቁ ይግላሉ፤ ከመጠን ሲያልፍም ሳጥኑ ራሱን ለማዳን ጉልበት ይቀንሳል። በአንዳንዶቹ ላይ ሳጥኑ የተቀመጠው ነፋስ በማይደርስበት፣ ከወንበሩ ሥር በተዘጋ ፕላስቲክ ውስጥ ነው። ለእነዚህ ባለቤቶች ተጨማሪ ማብረጃ የሚሸጡ ሱቆች መምጣታቸው አይቀርም፤ ገዢውም ዕቃውን በመዳፉ ይዞ ልሙጡ ጎን የሚያርፍበትን ብረት፣ ክንፎቹ የሚያገኙትንም ነፋስ መፈለግ ይኖርበታል።